ይታይ

ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስሠራ አንድም ነገር ወስኜ አላውቅም። ለመናዘዝ ብዬ አይደለም። ከእኔ በላይ የነበሩትም አልወሰኑም፤ ከእኔ በታች የነበሩትም እንዲወስኑ አልተፈቀደላቸውም። እኔ የማውቀው መምራት ነው። ደብዳቤ ይመጣል፤ አነበዋለሁ፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ባለጉዳዩ እውነቱን ይሁን ውሸቱን ይገባኛል። ከዚያ በግራ በኩል ባለው ባዶ ጠርዝ ላይ ሰያፍ አድርጌ «ለሠራተኛ አስተዳደር፤ ይታይ» ብዬ እፈርምና ቀን እጽፍበታለሁ። ሠራተኛ አስተዳደር ደግሞ «ለሕግ ክፍል፤ ይታይ» ብሎ ያሳልፈዋል። አገራችን ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ ባለጉዳይ የለም። እሺ ማለት አይደለም፤ እምቢ ማለትም አይደለም። የጻፈውን ሰው ከተጠያቂነት ያድነዋል፤ ባለጉዳዩ ሌላ ቀጠሮ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እንግዲህ በዚህ ሙያዬ ነው ናይሮቢ ድረስ የተፈለግሁት። በፈረንጆቹ 2006 መጀመሪያ ላይ ነበር። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ከሃያ ዓመት በላይ ከተዋጋ በኋላ ሰላም ፈርሞ መንግሥት ከመሠረቱ ሊያቋቁም ተነሥቷል። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ደግሞም የምናገረው ነገር እኛም ቤት ሞልቷል። ሚኒስትሮቹ ተሹመዋል፤ ሚኒስቴር ግን የለም። የጤናው ሚኒስቴር ሁለት ኮንቴይነርና አንድ የማንጎ ዛፍ ነበር። ስለዚህ የመንግሥቱ ወረቀት ሁሉ ናይሮቢ ጊጊሪ ሰፈር፣ እኔ የተቀጠርኩበት የእርዳታ ድርጅት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በአሥራ ሁለት የብረት ሳጥኖች ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የባለሥልጣኖቹም ቤተሰቦች እዚሁ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ነበሩ። በቦታው የነበረው አገሩ ራሱ ብቻ ነበር።

የእኔ ማዕረግ የመዝገብና የሰው ኃይል አማካሪ ይባላል። ሥራው ቀላል ነው። በጦርነቱ ዘመን ያስተማረ፣ ያከመ፣ ሥርዓት ያስከበረ ሁሉ ማስረጃውን ያቀርባል፤ እኛ የግል ማኅደር እንከፍትለታለን፤ ወረቀቱ መሟላቱን አረጋግጠን ማክሰኞ ማክሰኞ ከዊልሰን በሚነሣው ትንሽ አውሮፕላን ሠራተኞቹን ወደሚቀጥረው ሚኒስቴር እንልካለን። ሚኒስቴሩ መርምሮ ሲያጸድቅ ሰውየው በመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ዝርዝሩ በመጋቢት የመጨረሻ ዓርብ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ስሙ የሌለ ሰው እንዳልሠራ ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ በአርባ ሁለት ገጽ መመሪያ አስፍሬዋለሁ። ሦስት መቶ ቅጂ ታትሞ ተላከ። ማንም እንዳላነበበው የማውቀው ማተሚያ ቤቱ በስህተት ገጽ አሥራ ሰባትን ሁለት ጊዜ አትሞ አሥራ ስምንትን ስለዘለለውና እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው።

አብራኝ የምትሠራው ሠርክ ትባላለች። በስድስት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር በስደት ናይሮቢ ገብታ እዚሁ ያደገች፣ ፓርክላንድስ የምትኖር ናት፤ ኮምፒውተሩን የያዘችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ጥቅል ልንልክ ስንዘጋጅ አንዱን ማኅደር አንሥታ ሽፋኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ ይሄ ምንድነው?»

አየሁት። በግራው ጠርዝ ላይ ሰያፍ ሆኖ «ይታይ» ይላል፤ ፊርማዬም አለበት። ከሥሩ ያሉትንም ገለጥኩ። ሁሉም ላይ ጽፌበታለሁ።

«ይታይ ነዋ» አልኳት።

«እሱማ አነበብኩት። እዚያ ማን ያነበዋል? ሰዎቹ እኮ አማርኛ አይችሉም።»

«እጄ ነው የጻፈው።»

«ሳዋ፣ እሺ፣ እጅዎን አናስቀይመውም» ብላ እየሳቀች ወደ ካርቶኑ ጨመረችው።

እውነቴን ነው፤ እጄ ነው የጻፈው። በሳምንት ሦስትና አራት መቶ ማኅደር ሲያልፍ ሰው የሚጽፈውን ልብ አይለውም። ጥቅሉ ሄደ፤ በሳምንቱ ሁሉም ጸድቆ ተመለሰ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ የሚፈጥን መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም። በወር ሪፖርቴ ላይ ውጤቱ የተገኘው በመመሪያው ምክንያት እንደሆነ ጻፍኩ፤ አለቃዬም ደስ ብሏት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አስተላለፈችው።

አቢግያ የመጣችው በመጋቢት አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ረጅም፣ ወደ አርባ የምትጠጋ ሴት ናት፤ የጎብኚ ባጅ ደረቷ ላይ፣ የላስቲክ ከረጢት ክንዷ ላይ። እኔ በእንግሊዝኛ ስጀምር እሷ በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለችኝ። የዚያው የጎረቤት አገር ሰው ናት፤ ያደገችው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኞች ጣቢያ ነው፤ የጤና ረዳትነትም የተማረችው እዚያው ነው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ወንዱን በሴት ትጠራዋለች።

«የት ነው የሚሠሩት?» አልኳት።

«አንቺ ይበሉኝ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ጤና ጣቢያ ይዤ ቆየሁ። ጣቢያ ሲሉት ነው እንጂ ጎጆ ነው። ሲቃጠል እንሠራዋለን።»

የምስክር ወረቀቷ ከጎጆዋ ጋር ተቃጥሏል። ያላት ሰባት ደብተር ነው፤ ያዋለደቻቸው ሴቶች መዝገብ። አሁን ደግሞ ለዚያው ጣቢያ ሌላ ሰው ሊመደብ ነው። የወረዳው አስተዳዳሪ የአጎት ልጅ ነው፤ የጤና ረዳት የሚል የምስክር ወረቀት ይዟል።

«የጤና ረዳት አይደለም?»

«ከብት ይከትብ ነበር» አለች። «ክፉ ሰው አይደለችም። ግን የከብት ነች። እኔ ዝርዝሩ ላይ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ይቀድመዋል። ካልገባሁ ጣቢያው የእሱ ነው፤ እኔ እንግዲህ አላዋልድም። ያለ መንግሥት ፈቃድ ማዋለድ ክልክል ነው የሚል ወረቀት መጥቷል።»

ይህን ስትናገር ዓይኗ ጠረጴዛዬ ላይ ወደተከመሩት ማኅደሮች ሄደ። ጽሑፉ ከእሷ በኩል ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው፤ ቢሆንም አነበበችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ይታይ ይላል።»

«አዎ።»

«ሁሉም ላይ?»

ሽፋኖቹን ወደ ራሴ ሳብኩ። እሷም የራሷን ታሪክ ነገረችኝ። በስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ሳለች፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ለነርስ ትምህርት ቤት የሚያበቃ ውጤት አምጥታ አመልክታ ነበር። የጣቢያው አስተዳደር ማመልከቻዋ ላይ ይታይ ብሎ ጻፈበት። ትርጉሙን ስለማታውቅ ደስ ብሏት ለእናቷ ነገረች። «አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ» አለች። «በመጨረሻ ጸሐፊዋ አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ‘አንቺ ልጅ እንዴት አይገባሽም፣ ይታይ ማለት እኮ አይታይም ማለት ነው’ አለችኝ። ከዚያ ጣቢያው ተበተነ። እባክዎ ጋሼ፣ የእኔ ላይ እሱን አይጻፉብኝ። የማይሆን ከሆነ አይሆንም ብለው ይጻፉ።»

አፈርኩ። ስንት ባለጉዳይ ፊቴ አልቅሷል፣ ስንቱ ረግሞኛል፤ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ደብተሮቹን ተዪልኝ አልኳት።

ሐሙስንና ዓርብን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ሰባቱንም ደብተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ወሊድ። ቀን፣ የእናት ስም፣ የሕፃኑ ፆታ፣ ክብደት። መስመሮቹ በእርሳስና በማስመሪያ የተሠመሩ ናቸው። ክብደት በሚለው ሥር ለስምንት ወር ያህል «ሚዛን የለም» ይላል፤ ከዚያ ሚዛን ይመጣል። ቦታ በሚለው ሥር አንዳንዴ «ጣቢያ»፣ አንዳንዴ «ጫካ»፣ አንድ ጊዜ «ጀልባ»። አስተያየቱን የምትጽፈው በአማርኛ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳያነበው ይሁን ለፍጥነት አላውቅም። እኔ ሥራዬ መዝገብ ነው፤ የተፈበረከ መዝገብ በሽታው ይታወቀኛል። ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው፣ እጁ አይደክምም፣ ስህተት የለበትም። የእሷ ይሳሳታል፣ ይሠርዛል፣ ይደክማል።

ከዚያ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል። ሰባቱን መዝገቦች ማንበቤን፣ ያገኘሁትን፣ የዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ እውነት መሆኑን፣ በዝርዝሩ እንድትገባ መወሰኔን። ሠርክ ስትተይበው እዚያ ቦታ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እዚህ ‘ወስኛለሁ’ ይላል። ‘እንዲታይልን እንጠይቃለን’ ላድርገው?»

«የተጻፈውን ተይቢ።»

«ፖሌ፣ ይቅርታ፣ ተሳስተው መስሎኝ ነው።»

ክብ ማኅተሙን መታሁበት፤ ፈረምኩ፤ ማኅደሯ ውስጥ ከላይ አደረግሁት። የሽፋኑን ጠርዝ ንጹሕ ተውኩት። ማክሰኞ ከሌሎቹ ጋር በረረ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ራት በላሁ።

በተከታዩ ሰኞ ጥቅሉ ተመለሰ። ከሦስት መቶ አሥራ ስምንቱ ሦስት መቶ አሥራ ሰባቱ ጸድቀዋል። አንዱ ላይ በቀይ «ኢንኮምፕሊት»፣ ያልተሟላ፣ የሚል ተመትቶበታል። ዝርዝሩ ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል።

የሚኒስቴሩ ምክትል ዋና ጸሐፊ በዚያ ሳምንት ቤተሰቡን ሊያይ ላቪንግተን መጥቶ ነበር። ስሙ ኢኖክ ነው፤ እኔ በአማርኛው ሔኖክ እለዋለሁ፣ ለምዶታል። ጫካ ውስጥ አስተማሪ የነበረ፣ ደካማ ዓይን ያለው፣ ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ጨዋ ሰው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጣና ማኅደሩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። አላወላወለም፤ ጣቱን በባዶው ጠርዝ ላይ አሳረፈ።

«የእርስዎ ማጽደቂያ የለበትም» አለኝ።

«ደብዳቤው ውስጥ ነው። ማኅተምም አለበት።»

«ደብዳቤ ሁሉም ያመጣል። ማኅተምም እንዲሁ። በጦርነቱ ጊዜ ማኅተም የሌለው አዛዥ አልነበረም፤ እኔ ራሴ ከጫማ ሶል የቀረጽኩት ነበረኝ። የእርስዎን ምልክት ግን ማንም አስመስሎ ሊሠራው አይችልም፤ ፊደሉን የሚያውቅ የለማ። ናሙናውን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ጸሐፊው እያስተያየ ያሳልፋል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ካመጡልን ነገር ሁሉ የጠቀመን እሱ ነው።» ሻዩን አማሰለ። «ለመሆኑ ምን ማለት ነው?»

ነገርኩት። ይመርመር፣ ይታይ፣ ማለት ነው አልኩት።

«ማን እንዲያየው?»

«እናንተ።»

ማንኪያውን ቁጭ አደረገ። «እርስዎ አላዩትም?»

«ወረቀቱ መሟላቱን ነው ያየሁት። የምትመረምሩት እናንተ ናችሁ ብዬ ነበር።»

«እኛ ደግሞ የመረመሩት እርስዎ ነዎት ብለን ነበር» አለ።

ሠርክ ሳትጠየቅ ከኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን አነበበችልን። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሰው። ማንም ሳያያቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነዋል። ቀጥላ የከብት ከታቢውን ስም ፈለገች፤ በየካቲቱ ጥቅል ውስጥ ጸድቆ ተገኘ። ይታይ ያልኩበት እኔው ነኝ።

ሔኖክ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ። «ይህ ምልክት ባዶ ነው ብዬ ብናገር ሁለት ሺህ ሰው ወደ ዛፉ ሥር እመልሳለሁ። ትምህርት ቤቶቹ ሚያዝያ ላይ ይከፈታሉ። ከውስጣቸው ውሸታም አለ፤ አብዛኛዎቹ ግን እውነተኞች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። ይቅር። እባክዎ አይናገሩ።»

ልከራከረው ይገባ ነበር። አልተከራከርኩም። እንዲያውም ቀለለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም። ሁሉም ተመልሶ ይመርመር ቢል ኖሮ የመጀመሪያው ተመርማሪ እኔ ነበርኩ።

«የሴትየዋስ?» አልኩት።

«ምልክቱን ያድርጉበት። ዓርብ ጠዋት እኔው ይዤላት እሄዳለሁ፤ ማታ ዝርዝሩ ውስጥ ናት። ደብዳቤውን ግን ያውጡት። ጸሐፊው አንድ ማኅደር ውስጥ የእርስዎን ደብዳቤ ካየ ከሌሎቹም ይጠይቃል።»

«እሷን መጠየቅ አለብኝ።»

ሔኖክ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ጤነኛነቱን ሲጠራጠሩት እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ፤ እኔም ብዙ ሰው እንደዚያ አይቻለሁ።

አቢግያ ካረፈችበት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤት ከካዋንግዋሬ ሁለት የማታቱ ታክሲ ቀይራ ሐሙስ መጣች። አንዳችም ሳልደብቅ ነገርኳት። ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈው ናሙና፣ ስለ ሁለት ሺሁ ሰው፣ ስለ ከብት ከታቢው። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ያላዩዋቸው አለፉ» አለች።

«አዎ።»

«እኔን ስላዩኝ ወደቅሁ።»

«አዎ።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣም በወደድኩ። እሷ ግን አፏን በእጇ ይዛ ትንሽ ሳቀች፤ ሳቁም ብዙ አልቆየም።

«ወደ አገሬ ስመለስ አለቆቼ እነዚህ ናቸው ማለት ነው።»

«ናቸው። ካልፈለግሽ አልጽፈውም። ደብዳቤውን ይዤ አለቃዬ ጋ እገባለሁ። ሁሉም ነገር ይገለጣል፤ አንቺም አንድ ቀን ትገቢያለሽ። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም።»

«አንድ ቀን» አለች። ሽፋኑን አየችው። «በሰኔ የሚወልዱ አሥራ አራት አሉ። የሚያውቁት እኔን ነው።» ከዚያም ማኅደሩን በሁለት ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። «ይጻፉት።»

ጻፍኩ። ይህን ቃል በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቀው፤ ባለቤቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያነበበው ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሰያፉ ተጣመመብኝ። አቢግያ ማኅደሩን ወደ ራሷ አዙራ መረመረችው።

«ግድግዳው ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል?»

«ይመሳሰላል። እዚያ ያሉት አይጨነቁበትም።»

ደብዳቤውን ከውስጥ አወጣሁት። በመመሪያው መሠረት የተሠረዘ ሰነድ በሚቀመጥበት ሳጥን ልከተው ስነሣ እጇን አሳረፈችበት።

«እሱን ለእኔ ይስጡኝ።»

«ለምንም አይሆንሽም። የትም ብታሳዪው አይቀበሉሽም።»

«አውቃለሁ።»

ለቀቅሁላት። ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ አነበበችው። የመጀመሪያው ገጽ መሃል ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ሰባቱንም አንብቤአለሁ ይላል።»

«ሰባቱንም።»

«አምስተኛውንም?»

ምን እንደምትጠይቀኝ አውቄአለሁ። በአምስተኛው ደብተር ከመሃል አለፍ ብሎ፣ የእናት ስም በሚለው ሥር የራሷ ስም አለ። ቀን፤ ወንድ፤ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ፤ ቦታ ጫካ። አስተያየት በሚለው ሥር በአማርኛ «አልቆየም» ይላል። የሚቀጥለው መስመር በዚያው ቀን ነው፤ የሌላ ሴት ስም፣ ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ፣ «ደኅና ናቸው»። የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው። ይህን ደብዳቤው ውስጥ አላስገባሁትም፤ ለማንም አልተናገርኩትም።

«አየሁት» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ደብዳቤውን አራት እጥፍ አድርጋ ከደብተሮቹ መሃል አስገባችው፤ ከረጢቱን ቋጠረች፤ በደረጃው ወረደች። ሠርክ ወጪ መዝገቡን ከፍታ ለደብዳቤው ቁጥር ጠየቀችኝ። ዝጊው አልኳት፤ ግልባጭም አላስቀረሁም።